የአረጋውያን ንግግር ድንገት ሲለወጥ፦ የመርሳት ሕመምና ኮቪድ-19

የመርሳት ሕመም (ዲሜንሺያ) የእርጅና ተራ ውጤት አይደለም፤ አንጎልን በሚጎዱ በሽታዎች የሚመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ የሚባባስ ችግር ነው። ንግግርንም ያደክማል። በመጀመሪያ የዕቃና የሰው ስም ይጠፋል፤ ቢላዋው «ያ መቁረጫው» ይባላል። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ የተጀመረ ወሬ መሐል ላይ ይቋረጣል።

በልጅነት በቃል የተያዘ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይጠፋል። ከብቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ ወይም በሞጣ ዳዊትና ቅኔ ሲማሩ ያደጉ አረጋዊ የልጃቸውን ስም እየረሱ ዳዊቱን ያለ ግድፈት ሊደግሙ ይችላሉ። ይህን የሰማ ቤተሰብ «አእምሯቸው ደህና ነው፤ እያወቁ ነው የሚያስቸግሩን» ቢል አያስደንቅም፤ ፍርዱ ግን ስሕተት ነው። በቃል የያዙትን መድገምና አዲስ ሐሳብን በቃላት ማዋቀር የተለያዩ የአንጎል ተግባራት ናቸው።

ኮቪድ-19 መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መገኘቱ ከታወቀ ወዲህ የመጣው ጥንቃቄ ለእነዚህ አረጋውያን መግባባትን አክብዶታል። ጭምብል ከንፈርንና ፈገግታን ይሸፍናል፣ ድምፅንም ያፍናል። ስለዚህ አስታማሚው ጭምብሉን ሳያወልቅ፣ ራዲዮውን ዘግቶ፣ ከፊት ለፊት ሆኖ፣ ማንነቱን አስቀድሞ በመናገር በአጭር ቃል ያናግራቸው። «ምን ላምጣልዎት?» ከማለት ይልቅ ወተቱን እያሳዩ «አባባ፣ ወተት ልስጥዎት?» ማለት ይቀላል። እጅ መታጠብንም ከማስረዳት አብሮ መታጠብ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው፣ አረጋዊው ሲታመሙ «አተኮሰኝ» ወይም «ትንፋሽ አጠረኝ» ብለው መናገር ሊሳናቸው መቻሉ ነው። በዚህ ላይ ኮቪድ-19 በአረጋውያን ላይ ያለ ትኩሳትና ያለ ሳል፣ በድንገተኛ መደናገር ብቻ ሊጀምር ይችላል። የመርሳት ሕመም ንግግርን የሚያደክመው ባብዛኛው በወራትና በዓመታት ነው። ትናንት ሲያወሩ የነበሩ ሰው ዛሬ ቃላቸው ከተምታታ፣ ዝም ካሉ ወይም ቀን ሙሉ ካንቀላፉ «ሕመማቸው ባሰ» ብሎ መተው አይገባም። ምክንያቱ ኮቪድ-19፣ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የሰውነት ፈሳሽ ማነስ ሊሆን ይችላል። ከንግግሩ መጎልደፍ ጋር አፋቸው ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ወይም አንድ እጃቸው ከዛለ ደግሞ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ለሰዓታት እንኳ መቆየት አይገባም።

እንዲህ ያለ ለውጥ ሲታይ አረጋዊውን በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል፤ ኮቪድ-19 ከተጠረጠረ በ8335 መደወል ይቻላል። አብሯቸው የሚሄደው የዘወትር ንግግራቸውን የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ለውጡ መቼ እንደ ጀመረ ለሐኪሙ የሚነግረው እርሱ ነው።