የመጫኛ ጥቅሎችን ከሥርጭት በፊት መፈተሽ፦ በሁለት ፊደል የሚሠሩ የጅግጅጋና የአካባቢዋ ቢሮዎች

መግቢያ

በሶማሌ ክልል ቢሮዎች የሶማሊኛ ሰነድ በላቲን ፊደል፣ ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚደረግ የአማርኛ ደብዳቤ ደግሞ በግእዝ ፊደል ይጻፋል። ሁለቱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲዘጋጁ፣ የፎንት ወይም የቁልፍ ሰሌዳ መጫኛ ጥቅል ጉድለት ሁለቱንም ቋንቋዎች ሊያውክ ይችላል። ጥቅሉ ከጅግጅጋ በፍላሽ ወደ ቶጎ ውጫሌ፣ ወደ ቀብሪ በያህ ወይም በሐረርና በድሬዳዋ በኩል ወደ ሽኒሌ ከተላከ በኋላ ስሕተቱን ማረም ባለሙያ ማጓጓዝን ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ከሥርጭት በፊት ሊከናወኑ የሚገባቸውን ሦስት ፍተሻዎች ያቀርባል፤ አንዱ ሌላውን እንደማይተካም ያሳያል።

1. ደረጃን ማሟላት

የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን የኮድ ክልል አግኝቷል። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ፎንቶች ግን የግእዝን ቅርጽ በላቲን ኮዶች ላይ ያሳረፉ ናቸው። እንዲህ ያለ ፎንት ሲመረጥ የሶማሊኛው ጽሑፍ ትርጉም የሌለው የግእዝ ፊደል ድርድር ይሆናል። ስለዚህ በቅድሚያ የሚጣራው ፎንቱ የሚጠቀምበት ኮድ ነው።

ቀጥሎ ጥቅሉ ራሱ ይፈተሻል። የዊንዶውስ ኢንስቶለር ጥቅል በሠንጠረዦች የተዋቀረ የመረጃ ቋት ነው፤ አይስ የተባሉት የውስጥ መጣጣም መፈተሻዎችም በእነዚህ ሠንጠረዦች ላይ ይሠራሉ። ለምሳሌ አይስ 08 የተደጋገመ የኮምፖነንት መለያ ኮድን ያጋልጣል። አይስ 57 ደግሞ የአንድ ተጠቃሚና የመላው ኮምፒውተር መረጃ በአንድ ኮምፖነንት ውስጥ መቀላቀሉን ያሳያል፤ ይህም ብዙ ሠራተኞች በሚጋሩት ኮምፒውተር ላይ ትልቅ ፋይዳ አለው።

2. በጥቅሎች መካከል ያለ ግጭት

እነዚህ መፈተሻዎች የሚያዩት አንድን ጥቅል ለብቻው ነው። ጥቅል «ሀ» እና ጥቅል «ለ» አንድን የፎንት ፋይል በአንድ ማህደር ውስጥ በተለያየ የኮምፖነንት ኮድ ቢጭኑ፣ ሁለቱም ፍተሻውን ሊያልፉ ይችላሉ። ኢንስቶለሩ ተጠቃሚዎችን የሚቆጥረው በፋይሉ ስም ሳይሆን በኮዱ ስለሆነ፣ «ሀ» ሲነሣ «ለ» የሚፈልገው ፋይል አብሮ ይጠፋል። በአንጻሩ ኮዱ አንድ ቢሆን ቆጠራው 2 ስለሚሆን ፋይሉ የመጨረሻው ጥቅል እስኪነሣ ድረስ ይቆያል። ግጭቱን ለማግኘት የሁለቱን ጥቅሎች የፋይል፣ የኮምፖነንትና የማህደር ሠንጠረዦች አውጥቶ ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ መድረሻው አንድ፣ ኮዱ የተለያየ ሆኖ የተገኘ ፋይል ሁሉ ይታረማል።

3. የሙከራ ጭነት

ቁልፍ ሲነካ ምልክቱን ቀድመው የሚቀበሉ ሁለት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች በአንድነት ሲሠሩ የሚፈጥሩት መጋጨት በሠንጠረዥ ላይ አይታይም። ስለሆነም በየከተማው ካለው የዊንዶውስ ስሪት ጋር አንድ በሆነ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ጥቅሎቹ ተራ በተራ ይጫናሉ፤ በአማርኛና በሶማሊኛ ይጻፋል፤ አንዱ ተነሥቶ እንደገና ይጻፋል። ሙከራው ቅደም ተከተሉን በመገልበጥም ይደገማል።

መደምደሚያ

የመጀመሪያው ፍተሻ የጥቅሉን ጤንነት፣ ሁለተኛው ከሌሎች ጥቅሎች ጋር ያለውን ስምምነት፣ ሦስተኛው በሥራ ላይ ያለውን ጠባይ ያረጋግጣል። የተሰጡት የኮምፖነንት ኮዶች በአንድ መዝገብ ከተያዙ፣ ቀጣዩ ጥቅል አዘጋጅ ያንኑ ፋይል በሌላ ኮድ ከመጫን ይድናል።