ለደርቢ መኪና የመሪ ዘንግ ለሚሠራ ወጣት

አንተ ልጅ፣ ኦገስት ላይ በካውንቲ ፌሩ ዲሞሊሽን ደርቢ፣ መኪና ሆን ተብሎ ከመኪና በሚጋጭበት ውድድር፣ ልትገባ እንደሆነ እናትህ ነገረችኝ። የደወለችው እንድከለክልህ ነበር። ሱማሌ ተራ ያደገ ሰው የሦስት መኪና ዕቃ ለቃቅሞ አንድ መኪና ያቆማል እንጂ፣ የቆመውን ወስዶ ከሌላ ጋር ማላተም አይዋጥለትም። እኔም እዚህ ኦሃዮ ይህን ያህል ኖሬ ገና አልተዋጠልኝም። ብረቱን ግን አውቀዋለሁ። መሪውን ራሴ እሠራለሁ ብለሃል አሉ፤ እንግዲያው እንዲህ አድርገህ ሥራው።

1. ግራይንደር ከማንሳትህ በፊት ደንቡን አንብብ። እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱ ደንብ አለው፤ አንዱ ጋ ያለፈ መኪና ሌላው ጋ ከበር ይመለሳል። ዘንጉን መለወጥ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል፤ የሚያጣላው ዘንጉን የምታስርበት ብረት ነው። ያ ብረት ፋየርዎሉን፣ ሞተሩን ከሹፌሩ የሚለየውን ላሜራ፣ ወይም ሻንሲውን የሚደግፍ ከመሰለው መርማሪው “መኪናውን አጠንክረሃል” ይልሃል። በጠንካራነት ብቻ የተባረሩ መኪኖች አሉ፤ ከ1964 እስከ 1966 የተሠሩት ክራይስለር ኢምፔሪያሎች በብዙ ውድድር እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ደንቡ ላይ ያልተጻፈውን በግምት አትሥራ፣ ደውለህ ጠይቅ።

2. የፋብሪካው ዘንግ ለምን እንደማይበቃህ ካልገባህ የተሻለ ልትሠራ አትችልም። ያ ዘንግ የታሰበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ለሚደርስ አደጋ ነው። አንተ ግን በአንድ ምሽት ደጋግመህ ልትመታ ነው የምትገባው። ደርቢ ላይ ሁሉም ሰው ራዲያተሩንና ሞተሩን ለማዳን ወደ ኋላ እየነዳ በሻንጣው በኩል ይመታል፤ የሚፈልገው ደግሞ ያንተን አፍንጫ ነው። አፍንጫህ ሲገባ ሻንሲው ይጎብጣል። የመሪው የጥርስ ሳጥን ሻንሲው ላይ ስለታሰረ አብሮት ይሄዳል፤ ፋየርዎሉም ወደ ኋላ ይገፋል። የፋብሪካው ዘንግ ያን ጊዜ ይነክሳል፦ ከታች ያለው የጎማ ማያያዣ ይቀደዳል፣ መሪውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መገጣጠሚያ ይሰበራል፣ ቁልፉ ያለበት አንገት ሲጣመም መሪው ይቆለፋል። ሞተርህ እያጓራ፣ ጎማህ እየዞረ፣ ወዴት እንደምትሄድ ግን መምረጥ አትችልም። ብዙ ቦታ ደግሞ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሌላ መኪና ካልመታህ ትወጣለህ።

ክራውን ቪክቶሪያ ከሆነ የገዛኸው ሞዴሉን እይ። እስከ 2002 ድረስ ያለው ሳጥኑ ከሻንሲው ጎን በቡሎን የታሰረ ነው፤ ከ2003 ጀምሮ ግን መሪው ራክ ኤንድ ፒኒየን ሆኖ ሞተሩ ሥር ያለው የአሉሚኒየም ክፍል ላይ ተቀምጧል። የዘንጉ ማረፊያም አንግሉም ይለያያል፤ ከጓደኛህ መኪና የለካኸው አይሠራልህም።

3. እዚህ ላይ ቆም በልልኝ። እጁ ብየዳ የለመደ ወጣት “አይታጠፍብኝ” ብሎ ከመሪው እስከ ሳጥኑ አንድ ድፍን ብረት ቀጥ አድርጎ ይበይዳል። እውነት ነው፣ አይታጠፍም። ግን ሳጥኑ ወደ ኋላ ሲገፋ ያ ብረት የሚሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ደረትህ። ድሮ የፋብሪካ መኪኖችም እንዲህ ሆነው ስንቱን ሹፌር ገድለዋል። ጄኔራል ሞተርስ በ1967 ሞዴሎቹ ላይ ሲገፋ የሚሰበሰብ ዘንግ አስገባ። ከ1968 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ፣ መኪናው በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ግድግዳ ቢመታ የዘንጉ አናት ወደ ሹፌሩ ከ12.7 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይመጣ አዘዘ። ያን ሁሉ ድካም አንተ በአንድ ከሰዓት ብየዳ ልትሰርዘው ትችላለህ። ስለዚህ የምትሠራው ዘንግ ስታዞረው የማይሸራተት፣ ሲገፋ ግን የሚሸሽ ይሁን። ከዚህ በታች የምልህ ሁሉ ለዚህ ነው።

4. መሃሉን ተንሸራታች አድርገው። ካሬ ቱቦላሬ ውስጥ ካሬ ብረት ማስገባት ነው፤ ክብ ቢሆን ይዞርብሃል። ባለ 1 ኢንች ቱቦላሬ ግድግዳው 0.120 ኢንች ከሆነ ውስጡ 0.760 ይቀራል፤ 3/4 ኢንች ድፍን ካሬ ብረት በትንሽ ክፍተት ይገባበታል። ርካሹ ቱቦላሬ በውስጡ የብየዳ ስፌት አለው፤ ያን በሞረድ አውርደው፣ የድፍኑንም ጠርዞች አለስልስ፣ ከዚያ ግራሶ ቀብተህ በእጅህ ሞክረው። በእጅ የማይሄድ በግጭትም አይሄድ ይሆናል። ገንዘብ ካለህ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ ሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ዘንግና መግቢያው ይሸጣል።

ሰዎች የሚያጥርበትን ብቻ አስበው የሚረዝምበትን ይረሳሉ። ሻንሲው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲጎብጥ ሳጥኑ ከመሪው ሊርቅም ይችላል። በደህናው ጊዜ ድፍኑ ቱቦላሬው ውስጥ መሃል ላይ ይቀመጥ። ቢወጣም ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ተያይዞ ይቅር፤ ሲገባ ደግሞ ጫፉ የሚጋጨው ነገር አያግኝ። ጫፉ ግድግዳ ያገኘ ዕለት ቁጥር 3 ላይ የነገርኩህ ድፍን ብረት ሆነ ማለት ነው። እንዳይንቀጫቀጥ ብለህ ቡሎን እንዳታሳልፍበት። ይንቀጫቀጥ።

5. ክሮቼራ፣ እዚህ ዩ ጆይንት የሚሉት፣ ሁለት ይበቃሃል፦ አንዱ ሳጥኑ አፍ ላይ፣ አንዱ ዘንጉ ወደ መሪው በሚታጠፍበት። አምራቾቹ ለአንዱ የሚሰጡት የአንግል ወሰን 35 ዲግሪ ነው። አንተ ስትገጥመው ከ20 በታች ካደረግኸው ሻንሲው ሲጎብጥ የሚወስደው ይተርፍሃል። ሦስተኛ ከጨመርክ መሃሉን የሚይዝ ኩሽኔታ የግድ ነው፤ አለዚያ ዘንጉ በመዞር ፈንታ ይወላገዳል። በመሃሉ ዘንግ ሁለት ጫፎች ያሉት የክሮቼራ ሹካዎች በአንድ መስመር ይቁሙ። በ30 ዲግሪ የታጠፈ ክሮቼራ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ 15 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ 13 በመቶ ገደማ ይዘገያል። ሹካዎቹ ከተስማሙና አንግሎቹ ከተቀራረቡ አንዱ የሌላውን ያጠፋል፤ ካልተስማሙ መሪህ አንዴ ይከብዳል፣ አንዴ ይቀላል።

የሳጥኑን ጥርስ ደግሞ ቁጠር። በ3/4 ኢንች ዘንግ ላይ 30 ጥርስም አለ፣ 36ም አለ፤ በዓይን አይለዩም፣ በመዶሻ ግን ሁለቱም ይገባሉ። በመዶሻ የገባ በግጭት ይወጣል።

6. የላይኛውን ዘንግ ከዳሽቦርዱ ኋላ ከበር ምሰሶ እስከ በር ምሰሶ በሚያልፈው አግዳሚ ላይ እሰረው እንጂ ከፋየርዎሉ ጋር አታገናኘው። ፋየርዎሉ ይሄዳል፣ አግዳሚው ይቀራል። ዘንጉ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሰፋ አድርገህ ቁረጥና በቀጭን ላሜራ ወይም በጎማ ሸፍነው፤ ከሞተሩ በኩል እሳት ቢነሳ በዚያ ነው የሚገባብህ። መያዣው አንድ ብቻ ከሆነ መሪው ይወዛወዛል፤ ሁለት አድርገህ አራርቃቸው። ገበያ ላይ የሚገኘው፣ ቤቱ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ኩሽኔታ ያምራል፣ ግን ድንገተኛ ምት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። እኔ ቢሆን ወፍራም ቧንቧ ቆርጬ፣ የግራሶ ማስገቢያ አብጅቼለት በዚያ አሳልፈው ነበር። ከመያዣዎቹ ፊትና ኋላ ዘንጉ ላይ ቀለበት በይድ። የፊተኛው ቀለበት ዘንጉ ወደ አንተ እንዳይመጣ ይከለክላል፤ እሱን እንደ ነገሩ አድርገህ እንዳትበይደው።

7. ስትበይድ ክሮቼራውን ፍታ፤ ሙቀቱ የውስጡን መርፌ ኩሽኔታ ይገድለዋል። የባትሪውን ገመድ ንቀል። የመበየጃውን የመሬት ገመድ ከምትበይድበት አጠገብ እሰር፤ ኤሌክትሪኩ በሳጥኑ በኩል አይሂድ። ሳጥኑ ዘንግ ላይ በቀጥታ አትበይድ፤ ባለ ጥርስ ማያያዣ ገዝተህ በቡሎኑ አጥብቀው።

8. የፋብሪካው አንገት ሲወጣ የሞተር ቁልፉና የማርሽ ዘንጉ አብረው ይወጣሉ። ቁልፉን በማብሪያ ማጥፊያና በሞተሪኖ ቁልፍ፣ ማርሹን ወለል ላይ በሚቆም እጀታ ተካቸው። ማጥፊያው ከውጭ ያለ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ደርሶበት በአንድ እንቅስቃሴ የሚያጠፋው ይሁን። ኤርባጉን ባትሪ ነቅለህ፣ ጥቂት ቆይተህ፣ ከሁሉ በፊት አውጣው።

9. ስለ መሪው ራሱ ብዙ አልልም። መሃሉ ላይ ወፍራም ስፖንጅ እሰርበት። ተነቃይ ከሆነ ሲገባ “ቀጭ” ማለቱን ስበህ አረጋግጥ። አውራ ጣቶችህን ወደ ውስጥ አታስገባ፤ ከመሪው ጠርዝ ላይ ይረፉ። ወደ ኋላ እየነዳህ የፊት ጎማህን ሰው ሲመታው መሪው በራሱ ይሽከረከራል፣ ያኔ ጣትህን ይሰብረዋል። አንዳንዶች በአንድ እጅ ለማዞር መሪው ላይ ኳስ እጀታ ይገጥማሉ። እኔ አልወደውም፤ የእጅ አንጓ ይመታል።

10. ወደ ሜዳ ከመሄድህ በፊት ፊቱን በክሪክ አንሳና መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙር፤ የሚነካ ነገር አይኑር። ከዚያ የሳጥኑን ቡሎኖች ፍታና ሳጥኑን ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን እየገፋህ መሪውን ሌላ ሰው ያዙር። ሁሉም ቦታ ላይ መዞር አለበት፤ መሪው ግን ወደ ወንበሩ ጣት ያህል እንኳ አይምጣ። ከመጣ ወደ ቁጥር 6 ተመለስ።

11. መኪናው ወደ ቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ይሄዳል፣ ዘንጉ ግን አይሂድ። ለዚህ ነው መያዣዎቹን በቡሎን አድርግ የምልህ። ፍታው፣ ክሮቼራዎቹን በእጅህ እያዞርክ የሚነክሰውን ጣል፣ ተንሸራታቹ ተጣሞ እንደሆነ ቀጥ አታድርገው፣ አዲስ ቁረጥ። ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዓይነት መኪና ብትገዛ የምትለውጠው የታችኛውን ማያያዣና የተንሸራታቹን ርዝመት ነው።