ዓይንን የሚያረጋጉት የነርቭ ሕዋሳት

ይህን ጽሑፍ እያነበቡ ራስዎን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዙ፤ ፊደሉ አይጠፋዎትም። አሁን ደግሞ ራስዎን አጽንተው ጋዜጣውን በዚያው ፍጥነት ያወዛውዙት፤ ፊደሉ ይደበዝዛል። ልዩነቱ ከምን መጣ?

ራስ ሲዞር በውስጠኛው ጆሮ ያሉ ፈሳሽ የሞላባቸው ቱቦዎች እንቅስቃሴውን ይለካሉ። መልእክቱ በአንጎል ግንድ ባሉ የነርቭ ሕዋሳት በኩል ለዓይን ጡንቻዎች ይደርስና ዓይን በ1 ሴኮንድ መቶኛ ገደማ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ጋዜጣው ሲወዛወዝ ግን ጆሮ የሚለካው የለም፤ በማየት ብቻ መከታተል ደግሞ ዘገምተኛ ነው።

ይህ መስመር የሰው ብቻ አይደለም፤ በዓሣም፣ በድመትም፣ በዝንጀሮም አለ። ይሁንና እንደ አኗኗሩ ይለያያል። በባሕር ወለል በጎኑ የሚተኛው ጠፍጣፋ ዓሣ ሲፈለፈል ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ናቸው፤ ሲያድግ አንደኛው ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል። ጆሮው ግን ከአካሉ ጋር በጎኑ ይተኛል። ታዲያ የቀድሞው መስመር ባይለወጥ ዓይኑ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ በዞረ ነበር! ግራፍና ቤከር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1983 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በሌሎች ዓሦች ዓይንን ወደ ጎን ከሚያዞሩት ጡንቻዎች ጋር የሚገናኙት ሕዋሳት በዚህ ዓሣ ወደ ላይና ወደ ታች ከሚያዞሩት ጋር ይገናኛሉ።

ትምህርቱ ከሐኪም ቤትም ይደርሳል። ሐኪም አንገቱ አለመጎዳቱን አረጋግጦ ራሱን የሳተን በሽተኛ ራስ ሲያዞር፣ ዓይኖቹ ወደ ተቃራኒው ከዞሩ ይህ የአንጎል ግንድ መስመር እየሠራ ነው ማለት ነው። በዓሣ የተጠናው መስመር በሰው አልጋ ዘንድ እንዲህ ይነበባል።