ደቂቃው ሳይሆን ለውጡ፦ የኒስ ሰላጣ በአዲስ አበባ

በፈረንሳይ የምግብ አሠራር «የተደረደረ ሰላጣ» የሚባል ዓይነት አለ። የሚገቡበት ነገሮች አብረው አይደባለቁም፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተዘጋጅተው በአንድ ሳህን ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከእነዚህ ሰላጣዎች መካከል እጅግ የታወቀው ሳላድ ኒስዋዝ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ከምትገኘው ከኒስ ከተማ ነው።

ስለ ይዘቱ ስምምነት የለም። የኒስ ከንቲባ የነበሩት ዣክ ሜድሳን በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የምግብ መጽሐፍ ድንችም ሆነ ሌላ የተቀቀለ አትክልት እንዳይገባበት አጥብቀው አሳስበዋል። በአንጻሩ በ1846 እ.ኤ.አ. በኒስ አቅራቢያ የተወለዱት እውቁ ምግብ ሠሪ ኤስኮፊዬ ድንችና ፎሶሊያ ጨምረውበታል። እኛም የኤስኮፊዬን መንገድ እንከተላለን፤ ለሳይንስ ተማሪ ትልቁ ትምህርት ያለው በሚቀቀሉት ነገሮች ላይ ነውና።

ለአራት ሰው 4 መካከለኛ ድንች፣ 200 ግራም ፎሶሊያ፣ 4 እንቁላል፣ 4 ቲማቲም፣ አንድ ራስ ሰላጣ፣ 2 ጣሳ ቱናና ጥቂት ጥቁር የወይራ ፍሬ ያስፈልጋል። አንቾቪ የተባለው በጨው የተቀመመ ትንሽ ዓሣ ከተገኘም ይጨመራል።

የውሃ መፍያ ነጥብ

የፈረንሳይ መጻሕፍት ለእያንዳንዱ ነገር የማብሰያ ደቂቃ ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ኒስ በባሕር ጠለል ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት የዚያን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳቱን መጨመርም ውሃውን በፍጥነት ያተነዋል እንጂ ሙቀቱን ከፍ አያደርገውም። ስለዚህ መከተል ያለብን ደቂቃውን ሳይሆን በምግቡ ውስጥ የሚካሄደውን ለውጥ ነው።

ድንች፦ የድንች ስታርች ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውሃ መጥጦ ያብጣል። ድንቹ የሚለሰልሰው ግን ሕዋሳቱን ያያያዘው ፔክቲን ሲሟሟ ነው፤ ይህም ከፍ ያለ ሙቀት ስለሚፈልግ በ92 ዲግሪ በዝግታ ይከናወናል። በመሆኑም በመጽሐፉ ደቂቃ ያወጣነው ድንች መሐሉ ጠንካራ ሆኖ ሊቀር ይችላል። መብሰሉን ቢላዋ በመውጋት እንለያለን። አሲድ የፔክቲንን መሟሟት ስለሚያዘገይ አቼቶ የሚጨመረው ድንቹ ከበሰለ በኋላ ነው።

ፎሶሊያ፦ አረንጓዴ ቀለሙን የሚሰጠው ክሎሮፊል በመሐሉ ማግኒዥየም ይዟል። ሙቀት ሕዋሳቱን ሲጎዳ የሚወጣው አሲድ ማግኒዥየሙን በሃይድሮጅን ይተካዋል፤ ቀለሙም ወደ ቡናማ ያደላል። ስለሆነም ፎሶሊያውን በብዙ የፈላ ውሃ ውስጥ፣ ክዳን ሳንከድን እንቀቅላለን፤ አንዱን ቀምሰን ለስለስ ማለቱን እንዳወቅን ወደ ቀዝቃዛ ውሃ እንጨምረዋለን።

እንቁላል፦ አስኳሉ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ፣ ነጩ ክፍል ደግሞ እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይረጋል። ሁለቱም ከ92 ዲግሪ በታች በመሆናቸው እንቁላል እንደ ድንች አያስቸግርም፤ ጥቂት ተጨማሪ ደቂቃ ይበቃዋል። ከመጠን በላይ ከተቀቀለ ግን ከነጩ ክፍል የሚወጣው ድኝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ተዋሕዶ በአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ጉዳት ባይኖረውም መልኩን ያበላሻል።

ማጣፈጫውና አደራደሩ

ዘይትና አቼቶ አይዋሐዱም። 6 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ 2 ማንኪያ አቼቶና 1 የሻይ ማንኪያ የተዘጋጀ ሰናፍጭ አብረን ስንመታ ግን ዘይቱ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይከፋፈላል፤ ሰናፍጩም ጠብታዎቹ ቶሎ መልሰው እንዳይገናኙ ይረዳል።

በንጹሕ ውሃ የታጠበውንና የደረቀውን ሰላጣ ከሥር አንጥፈን የቀሩትን በየቦታቸው እንደረድራለን። ጨው በኦስሞሲስ አማካይነት ከቲማቲምና ከቅጠል ውሃ ስለሚያወጣ፣ ጨውና ማጣፈጫው የሚጨመሩት ማዕድ ሲቀርብ ነው። እንቁላልና ቱና ያለበት ሰላጣ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም።

አንባቢያን ቀላል ሙከራ እንዲያደርጉ እንጋብዛለን። እኩል የተቆረጡ የድንች ቁራጮችን በሁለት ድስት፣ አንዱን በውሃ ብቻ፣ ሌላውን አቼቶ በተጨመረበት ውሃ ቀቅሉና በየአምስት ደቂቃው በሹካ ውጉ። የትኛው ቀድሞ ይለሰልሳል? ምክንያቱንስ ከላይ ካነበባችሁት ተነሥታችሁ ማስረዳት ትችላላችሁ? ይህን የተረዳ ሰው በየትኛውም ከፍታ ላይ ቢሆን የማንኛውንም አገር የምግብ መጽሐፍ በማስተዋል ሊጠቀምበት ይችላል።