የሥራ ማሳያ አዘገጃጀት

እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ ኢጣሊያዊው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ለሚላን ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ ማመልከቻ አዘጋጀ። ገዥው በጦርነት ሥጋት ላይ ስለ ነበር፣ ሊዮናርዶ በቅድሚያ የዘረዘረው የድልድይና የጦር መሣሪያ ዕውቀቱን ነው፤ ሥዕልን የጠቀሰው በመጨረሻ ነበር።

ዛሬም በኮምፒዩተር የሚሥል፣ ቅርጽ የሚያወጣና ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚሠራ ባለብዙ ሙያ ሠዓሊ ሥራዎቹን በኢንተርኔት ሲያሳይ ይህ ብልሃት ያስፈልገዋል። ሁሉን በአንድነት ቢከምር፣ አሠሪው ችሎታውን ሳይረዳ ያልፋል፤ እንጀራውም ይቀርበታል። ስለዚህ ምርጥ የሆኑትን ጥቂት ሥራዎች በየዓይነታቸው ይከፍላል፤ አሠሪው የሚፈልገውን ያስቀድማል፤ ከሌሎች ጋር በሠራው ላይ የራሱን ድርሻ ለይቶ ይጽፋል። አንድ ደካማ ሥራ የመልካሞቹን ዋጋ ያሳንሳልና ይተወዋል።

የሙያ መብዛት የሚጠቅመው ተመርጦና በሥርዓት ሲቀርብ ነው።