የድረ ገጽ ልብስ፦ ዝግጁ ይገዛ ወይስ በልክ ይሰፋ?

አንድ ነጋዴ ለድርጅቱ ድረ ገጽ ለማሠራት ሁለት ባለሙያዎችን ዋጋ ቢጠይቅ፣ የአንዱ ዋጋ የሌላው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የችሎታ ላይሆን ይችላል፤ አንዱ ዝግጁ ልብስ ይሸጣል፣ ሌላው ለክቶ ይሰፋል። የትኛው እንደሚያዋጣ ለመወሰን የመነሻውን ዋጋ ብቻ ማየት አይበቃም።

በቅድሚያ ዕቃውን እንወቀው። የድረ ገጽን ቀለም፣ የፊደል መጠንና አቀማመጥ የሚወስነው ቋንቋ ሲ.ኤስ.ኤስ. ይባላል። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1994 ቀርቦ በ1996 የመጀመሪያው ደረጃ ጸደቀ። ባለሙያው ትእዛዞቹን ራሱ ከጻፈ ሥራው በልክ የተሰፋ ነው። ፍሬምወርክ የሚባለው ደግሞ ሌሎች አስቀድመው ያዘጋጁት የትእዛዝ ስብስብ ነው። በስፋት ከሚታወቁት አንዱ የሆነው ቡትስትራፕ በትዊተር ኩባንያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በነፃ ተለቀቀ። ገጹን በ12 ዓምዶች ይከፍላል፤ ቁልፉ፣ ቅጹና ሰንጠረዡ ተሰፍቶ ይመጣል።

የፍሬምወርክ ዋና ጥቅም ቋሚ ወጪን ለብዙ ተጠቃሚ ማካፈሉ ነው። በተለያዩ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላይ የመሞከሩን ድካም አዘጋጆቹ በአብዛኛው ተወጥተውታል። ሁለተኛው ጥቅም ተተኪ ማግኘት መቻሉ ነው። ድረ ገጹን የሠራው ሰው ቢሄድ ፍሬምወርኩን የሚያውቅ ሌላ ባለሙያ ሥራውን ይረከባል። ባለንብረቱ በአንድ ሰው እጅ አይወድቅም፤ የመደራደር አቅሙም ይጠበቃል።

ነገር ግን በነፃ የተገኘው ነገር ኋላ ሂሳብ ይጠይቃል። የቡትስትራፕ ሦስተኛ እትም ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2019፣ የአራተኛው ደግሞ በ2023 መጀመሪያ ተቋርጧል። የቆየው ወዲያው ባይፈርስም፣ አዘጋጆቹ ጉድለቱን ማረም ያቆማሉ። ወደ አምስተኛው ለመሻገር ደግሞ የብዙ ትእዛዞች ስም ስለተለወጠ ገጾቹን መነካካት ግድ ነው። ክብደትም አለ፤ የአምስተኛው እትም ሙሉ ፋይል ከ200 ኪሎባይት ይበልጣል፤ ታምቆ ሲላክ ወደ 30 ይወርዳል። ጥቂት ትእዛዞች ብቻ ለሚጠቀም ገጽ ይህም ትርፍ ጭነት ነው።

በእጅ የመጻፍ ድካም ደግሞ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋና ዋናዎቹ አሳሾች ግሪድ የተባለውን የሲ.ኤስ.ኤስ. ክፍል መቀበል ከጀመሩ ወዲህ፣ ገጽን በዓምድ መክፈል የጥቂት መስመሮች ሥራ ሆኗል።

ለስሌት ያህል ግምታዊ ቁጥር እንውሰድ። ብዙ ቅጾች ያሉት ባለ 30 ገጽ ሥራ በእጅ 120፣ በፍሬምወርክ 60 ሰዓት ይፈጃል እንበል። ከጥቂት ዓመት በኋላ እትም ለማሻገር 25 ሰዓት ቢጨመር ድምሩ 85 ነው፤ ፍሬምወርኩ ያዋጣል። ባለ 5 ገጽ ሥራ ግን በእጅ 20፣ በፍሬምወርክ 14 ሰዓት ቢፈጅ፣ በኋላም 8 ሰዓት ቢጨመርበት 22 ይሆናል። የመነሻው ቁጠባ ተበልቷል ማለት ነው።

ገጹ በአማርኛ ከሆነ ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። የውጭ ንድፎች አንዳንድ ጊዜ ርዕስን በትልልቁ የላቲን ፊደል ይለያሉ፤ የግዕዝ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ዝግጁውም ቢሆን ማስተካከያ ሊጠይቅ ይችላል።

እንግዲህ ውል ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ገጹ ስንት ክፍል ይኖረዋል? ስንት ዓመት ያገለግላል? ሠሪው ባይኖር ማን ይጠግነዋል? ሥራው ሰፊ፣ ጠጋኙም ተለዋዋጭ ከሆነ ዝግጁውን ግዙ። ገጹ ትንሽና ብዙ የማይነካካ ከሆነ በልክ ይሰፋላችሁ። በሁለቱም መንገድ ዋናው ፋይል ከነማብራሪያው እንዲሰጣችሁ በውሉ ይጻፍ፤ አለዚያ የከፈላችሁበትን ንብረት ቁልፍ ሌላ ሰው ይዞት ይቀራል።