ስለት ስንስል ዓይናችን ብቻ ይበቃናልን?

ቶርኖ ላይ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ስለቱ መቁረጡን ትቶ ብረቱን እያሻሸ ሲጮህ፣ የሥራውም ፊት ሸካራ ሲሆን ተማሪው ማሽኑን ያማል፤ አስተማሪው ደግሞ የተማሪውን እጅ። እኛም ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት አንድ ትምህርት ቤት ከዚሁ ስሕተት ላይ ወደቅን። የአንዱን ተማሪ ሥራ ሸካራ ነው ብለን ነጥብ ከቀነስን በኋላ ስለቱን ተቀብለን ብናየው ከጫፉ በታች ያለው ፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል። የሳለው ደግሞ እኛው ራሳችን «እንዲህ ነው» ብለን ባሳየነው ዓይነት ነበር። ነጥቡን መለስንለት። የሌሎቹ ስለት ግን እንደገና ተስሎ ስለ ነበር ማንን እንደ በደልን ማጣራት አልቻልንም።

እንደሚታወቀው የስለቱ የፊትና የጎን ገጽ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች እየሸሸ መሄድ አለበት። ይህን ሽሽት ክሊራንስ እንለዋለን። በሃይ ስፒድ ስቲል ስለት ተራውን ለስላሳ ብረት ስንቆርጥ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይበቃል። ካነሰ ስለቱ ያሻሻል፤ ከበዛ ጫፉ ደጋፊ አጥቶ ቶሎ ይሸረፋል። ታዲያ 8 ዲግሪን ከ4 ዲግሪ በዓይን መለየት እንኳንስ ለጀማሪ ለነባር ባለሙያም አይቀልም።

መለኪያው ከትርፍራፊ ላሜራ ይሠራል። መጀመሪያ መቀመጫ የሚሆነውን ጠርዝ በሞረድ ቀጥ እናደርጋለን። ከጠርዙ አንድ ጫፍ ተነሥተን በስኳድራ 50 ሚ.ሜ. ወደ ላይ እናሰምርና ከመስመሩ አናት 7 ሚ.ሜ. ወደ ላሜራው ውስጥ ገብተን ነጥብ እናደርጋለን። ነጥቡን ከመስመሩ ሥር ጋር ስናገናኘው ያዘነበለው መስመር 8 ዲግሪ ይሆናል። በዚያው ቆርጦ መሞረድ ነው። ለ10 ዲግሪ 7ቱ ቀርቶ 8.8 ሚ.ሜ. ይሁን።

ስንለካ ስለቱን መስታወት ላይ አስተኝተን መለኪያውን ከፊቱ አቁመን እናስጠጋና ወደ ብርሃን እናያለን። ብርሃን ከታች በኩል ካለፈ ክሊራንሱ በዝቷል፤ ከላይ በኩል ካለፈ አንሷል ማለት ነው። መካከል ላይ የምትታየው ቀጭን ብርሃን ግን አታስደንግጠን፤ የድንጋዩ ክብነት ያመጣት ናት። ዲያሜትሩ 200 ሚ.ሜ. የሆነ ድንጋይ 10 ሚ.ሜ. ቁመት ባለው ስለት ላይ የሚተወው ጉድጓድ 0.13 ሚ.ሜ. ያህል ቢሆን ነው።

የብሎን ጥርስ የሚያወጣውን ስለት በተመለከተ ግን በላሜራ ባንጫወት ይሻላል። የዓሣ ጭራ የሚመስለው ሴንተር ጌጅ ለዚሁ የተሠራ ነው። ሆኖም ከመሳቢያ ያገኘነውን ሁሉ አንሥተን ከመሥራታችን በፊት የተጻፈበትን እናንብብ፤ የሜትሪክ ጥርስ 60፣ የዊትዎርዝ 55 ዲግሪ ነው።

መሳያው ላይ ስንቆም መነጽር ይደረግ፤ በመደገፊያውና በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተትም ከ3 ሚ.ሜ. አይብለጥ። ክፍተቱ የሚስተካከለው ድንጋዩ ቆሞ ነው፤ እየዞረ አይነካም!

አንድ ነገር ቀረ። በመለኪያ የተሳለ ስለትም ቶርኖው ላይ ያለ ቁመቱ ከታሰረ ልፋቱ ከንቱ ነው። ለምሳሌ ያህል ዲያሜትሩ 20 ሚ.ሜ. የሆነ ብረት ስንልግ ጫፉ ከማዕከሉ ግማሽ ሚ.ሜ. ከፍ ቢል ከ8ቱ ዲግሪ 3 ያህሉ ይጠፋል። ስለዚህ ከስለቱ ሥር የሚነጠፉት ላሜራዎች ተመርጠው ይነጠፉ እንጂ በግምት አይሁን። የሠራናቸውን የ8ና የ10 ዲግሪ መለኪያዎች ከመሳያው አጠገብ ሰቅለናቸዋል፤ የተጠቀመ ወደ ቦታቸው ይመልስልን።